የመብራት ሒሳብ ለቶሌዶ

ቦርሳዬን አንግቤ ደረጃውን ስወርድ፣
ግንብ ከግንብ ጋራ በሚሳሳም መንገድ፣
ጽፋት ላይ አንድ በር፣ ሰማያዊ ቀለም፣
«ቶሌዳኖ» ይላል፤ ሌላ ምልክት የለም።

«ስም አይደል፤ ከተማ ናት» አሉኝ ወይዘሮ ቪዳ፤
«ከስፔን ሲያስወጡን፣ ዕቃው ቀርቶ ከጓዳ፣
ስማችን ውስጥ ገባች እንዳልተጠራ እንግዳ።»

አይተዋት አያውቁም፤ ጣታቸው ግን ያውቃል፦
«የሰይፍ ሠሪው መዶሻ እዚህ ጥግ ላይ ይወድቃል፣
ከዚያ ቁልቁል ወንዙ...» ዞሬ ሳይ ወደ ታች፣
የቆሻሻ ገንዳ ላይ ድመት ተጋድማለች።

የመብራት ሒሳቡን አስፈርሜ ዝም ብዬ፣
ቁልቁል ወረድኩ ደግሞ ቦርሳዬን አዝዬ፤
ገንዳው ጋ ስደርስ ግን ሱሪዬን ሰብስቤ
ተሻገርኩ።