የሐሙስ ሪፖርት

ሃሊፋክስ ወደብ ላይ ጭጋጉ ወረደ፣
የክሬኑን አንገት ግማሹን ጋረደ።
በመስኮቴ ማዶ ኮንቴይነር ይወርዳል፣
ሙሉው ወደ መንገድ፣ ባዶው ወደ መርከብ፣ በየፊናው ይሄዳል፤
የኔው ኮንቴይነር ግን ቢዳስሱት የለም፣
ጭነት አለው እንጂ ክብደት የለው፣ ቀለም።

ሐሙስ ሌሊት ነው፤ ሪፖርት እጽፋለሁ።
ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን አንድ ባንድ እቆጥራለሁ፦
ስንት ፕሮሰሰር በላ፣ ስንት ሜሞሪ ያዘ፣
የቱ ቶሎ መለሰ፣ የቱ መልሱን ይዞ ደጃፍ ላይ ደነዘዘ፣
ስንቱ ሞቶ ተነሣ፣ ስንቱ ሳይሞት ዋለ፤
ትንሣኤ እዚህ ቤት ሦስት ቀን አይጠይቅ፣
በሦስት ሰከንድ ሆነ ተባለ።

አለቃዬ ሚስ ጊሊስ ወረቀት አትወድም፦
«አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለት ግን አይሆንም።
አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ በዪኝ፣
ቀይ ከሆነም ቀይ ነው፤ በቢጫ አታድክሚኝ።»

አማካዩ ሸጋ ነው፦ ሁለት መቶ ሚሊሰከንድ፣
ዐይን አንዴ እስኪጨፈን የሚያልቅ መንገድ።
አማካይ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው ጣጣው፦
የጠገበን ከራበው ደምሮ አካፍሎ
«ሁሉም በልቷል» ሲል ማን ሊቆጣው?

ስለዚህ ወረድሁኝ ካማካዩ ሥር፣
ወደ ከመቶ ዘጠና ዘጠነኛው ቁጥር።
ዘጠና ዘጠኙ ነገድ እንደ መላእክት በየማዕረጉ ቆሞ
«አለሁ» ይላል ለጠየቀው፣ ጥሪው ሳያልቅ ቀድሞ፤
አንዱ ብቻ ወድቋል።
ሐ-ሠላሳ አራት ይባላል።

በነሱ ሰዓት ሦስት፣ በኔ አፍ ዘጠኝ ከአሥር ሲደርስ፣
ሜሞሪው እስከ ገደፉ ይሞላና
ከርነሉ መጥቶ አንገቱን ቅንጥስ።
ወዲያው ሌላ ይወለዳል፣ በዚያው በሟቹ ስም፤
ሰንጠረዡም «ሕያው» ይላል፤
ለቅሶም የለ፣ ተስካርም።

ማነው በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ?
ሎጉን ከታች ወደ ላይ ገለበጥሁት።
ካንሶ፤ ባሕር ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣
ከመንደሯም አንድ ክሊኒክ፣ ከክሊኒኩም አንዲት ተረኛ ነርስ፦
ዲ. ማኪሳክ።
የመድኃኒት ዝርዝር ትልካለች፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ባዶ ስክሪን ታያለች፣
ደግማ ትጫናለች፣
መልሳ ትጫናለች።
ለካ ጭነት የምንለው
ቁልፍ ላይ የቆየች የአንዲት ሴት ጣት ነች።

አሥራ አንድ ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል።
እኔም ብያለሁ።
ወንበሬ ላይ ሆኜ ስቆጥራት አጠረች፤
ሰው የሚያጣጥርበት አልጋ አጠገብ
ቆሜ ልቁጠራት ብዬ ባስብ፣
ሰባት ላይ ተውኩት።

ገደቡን አሰፋሁ፦ ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት
ወደ አንድ ሺህ ሃያ አራት ሜጋባይት።
አንድ መስመር ናት፤ ከመጻፏ ይልቅ
ያደከመኝ እሷን ማግኘት።
ከሪፖርቱም ግርጌ፣ ከቁጥሮቹ በታች፣ እንዲህ ብዬ ጨመርሁ፦
ካንሶ ላይ አንዲት ነርስ አሥራ አንድ ሰከንድ ትጠብቅ ነበር።

ሚስ ጊሊስ በጠዋት ደወለች።
«ይኼ የቱ ዓምድ ውስጥ ነው የሚገባው?»
«ዓምድ የለውም።»
ዝም አለች።
ወደቡ ላይ መርከብ ጡሩምባውን ነፋ፤
መጀመሪያ በመስኮቴ ሰማሁት፣
ቀጥሎ በስልኩ፣ በሷ መስኮት በኩል፣
ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ።
«ይቀመጥ» አለች። «ግን ቀለሙ ምንድን ነው?»

ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።
ዘጠኝ ከአሥር አለፈ፤ መስመሩ ጠፍጣፋ።
ማኪሳክ አንዴ ተጫነች፣ መልሷ መጣላት፣ ሄደች፤
ሐ-ሠላሳ አራት መኖሩንም አታውቅ፣
መሞቱንም አታውቅ ነበር።

ጭጋጉ እንዳለ ነው።
ክሬኑ አንድ ቀይ ኮንቴይነር አንሥቶ
አየር ላይ ያዘው። ቆጠርሁ።
ዘጠኝ ላይ አወረደው።