የምክንያት ዓምድ

የእድራችን መዝገብ አራት ዓምድ አለው፤
ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ ደግሞ «ምክንያት» የሚለው።
ሉማሜ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያስመዘግብ
ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ምክንያት የምከትብ።

ባለፈው ሐምሌ ላይ ሦስት ጊዜ «ምች» አልሁ፤
ፀሐይ በሌለበት «ምች መታው» ብዬ ጻፍሁ።
ማንም አልጠየቀ። ዳኛው ፈረመበት፣
ማኅተሙ አረፈ፣ ንፍሮ ተበላበት።

አንዱ ባይነሳኝ ነው፣ የሒሳብ መምህር።
ጠመኔውን ይዞ እንደቆመ ቢቀር
«ለከፈው» ተባለ፤ ጸበል ቤት አሰሩት፤
«ማርቆስ ሐኪም አለ» ያለውን ዝም አሰኙት፦
«አጥንት ይቆጠራል፤ እብድ ከተባለ
ለእኅቱ የሚመጣ ሽማግሌስ የታለ?»

ሁለተኛዋ ያለምዘውድ።
ስለ እሷ አልችልም። እኅቴ ነበረች።

ሦስተኛው አንሙት ነው።
አራት ሕፃን ቀብራ ጠጅቱ፣ እናቱ፣
«አንሙት» አለች፤ ስም አይደል፣ ስለት ነው ለታቦቱ።
በዚያች ማለዳ እኮ መንገድ ላይ አገኘሁት።
«እንዴት አደርህ?» አልሁት።
«እግዜር ይመስገን» አለ። አላደረም ነበር፤ ዓይኑ ያሳብቃል።
እኔም አልፌ ሄድሁ። ለሰው ሰላምታ ይበቃል።

ቄሱ ድምፁን ዝቅ አርጎ «በምንድን ነው?» ሲለኝ
«ምች» አልሁ፣ ፍትሐቱ እንዳይቀርበት ብዬ። እሱም አላመነኝ፣
ግን መስቀሉን አነሳ። ዋሽተን ቀበርነው፣ ሁለታችንም፣
ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከዋንዛው ሥር። በዚህ ውሸት አልጸጸትም።

አርባው በወጣ ማግስት እናቱ መጣች፤
ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጄ ላይ ተቀመጠች።
«ምቹን ሰርዝልኝ። ልጄ ታሞ ነበር፤
አየሁ፤ አፈርሁ፤ ደበቅሁት ከአገር።
ታናሹ ይበልጣል አሁን እንቅልፍ አጣ፤
ማርቆስ ልወስደው ነው። ሐኪሙ ‹ወንድሙስ በምን ሞተ?› ሲል
ምን ብዬ ላምጣ?
ምች?»

ብዕር አነሳሁ። ሰረዝሁ። «የአእምሮ ሕመም» ብዬ ጻፍሁ።
እጄ አልቆመም፤ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣሁ።
እዚያ የእኅቴ ስም አለ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣
ከጎኑም ያቺው ቃል፣ ከሁሉ አሳምሬ የጻፍኋት።
ሰረዝኋት።

ዛሬ ጠዋት ይበልጣልን መናኸሪያ አገኘሁት፤
እናቱ ቲኬት ልትቆርጥ ሄዳለች። የጨቀየ ጫማውን ያያል።
«እንዴት አደርህ?» አልሁት።
«እግዜር ይመ...»
አልሄድሁም። ቆምሁ።
ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» ይላል።