ከቃለ ጉባኤው የቀረ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ቪርቬ እባላለሁ፤
የማኅበሩን መዝገብ ሃያ ዓመት ይዣለሁ።
ፒያኖ ቃኚዎች በኢስቶኒያ ምድር
ዘጠና አራት ነን፣ ሙሉው ሲቆጠር።
በየመጋቢቱ፣ በረዶው ሲፈታ፣
ቪልያንዲ እንከትማለን፣ ሐይቁ ዳር ኮረብታ፤
አዳራሽ ተከራይተን፣ ሾርባ ተቋድሰን፣
ስለ አንዲት ሽቦ ውጥረት ሦስት ቀን ተናክሰን፣
ባጃችን በደረት፣ እንተኛለን ደክመን።

ያን ዓመት በሽታው ከእኛ ቀድሞ ገባ።
«ዘግተናል፤ ቀብዱም አይመለስም» አለ
ባለ አዳራሹ፤ ውሉ እንደዚያ ስላለ።
ሄልዱር፣ ገንዘብ ያዡ፣ በስልክ ቆጠረልኝ፦
«ለሁለት ወር ኪራይ፤ ከዚያ ወዲያ የለኝ።»
ኮንሰርት ተሰርዞ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣
ቃኚን ማን ያስገባል፣ ሰው ሰውን ፈርቶ?
የሰው ጣት የነካው ቁልፍ ባስፈራ ጊዜ
«መዋጮ ክፈሉ» እላለሁ ምን አፍ ይዤ?

አንቀጽ ሰባት ግን አለ፦ እስከ ሰኔ ማብቂያ
ያልከፈለ አባል ስሙ ይሰረዛል።
ቀይ እስክሪብቶ አለኝ፣ ለዚሁ የተገዛ።
ስልሳ አንድ ስም ቆጠርኩ። እጄ ደነዘዘ።
ካንድ ፒያኖ ላይ ሃምሳ ቁልፍ ቢነቀል
የቀረው ሣጥን ነው፤ ማን ፒያኖ ይለዋል?

አይቮ፣ ልጅ እግሩ፣ «በስክሪን እንሰብሰብ» አለ።
ሞከርነው። ከታርቱ የተመታች «ላ»
ናርቫ ስትደርስ ጎብጣ፣ ተበልታ፣
ኮምፒዩተር ያኘካት፣ ድምፅ ሳትሆን ጥላ።
በጆሮው የሚያድር ሰው ጆሮው ሲዋሸው
እንዴት እንደሚስቅ! እስክናለቅስ ሳቅን።
ከዚያ ዝም አልን።

«እንግዲያ» አለች ሳልሜ፣ ዓይኗ የደከመ፣
«ድምፁ ካልተላከ ይላክ የታመመ።»
ሦስት ቀን የነበረው በየረቡዕ ሆነ፣ አንድ አንድ ሰዓት።
ሱፉ ያለቀ መዶሻ፣ የዛገ ሽቦ፣ የላላ ችንካር
በፖስታ ከቤት ቤት ሲዞር ከረመ፤
እያገላበጥን በስክሪን አሳየን፣
እንደ ሐኪሞች ተከራከርንበት።

የመዋጮው ነገር ግን ከበደ።
«ለዚህ ዓመት ብቻ፣ የቻለ ይክፈል፣ ያልቻለም ይቆይ» አልን።
ሄልዱር ተቃወመ፦ «ማኅበር በአንጀት
አይተዳደርም» አለ፤ ድምፁ ተመዝግቧል።
ልክም ነበር። በመስከረም
የማኅበሩን ፒያኖ ሸጥነው፣
ዘጠና አራታችንም በየተራ የቃኘነውን፣
እያንዳንዳችን «ከኔ በፊት የነካው አበላሸው» ያልነውን።
ገዢው ሊወስደው ሲል፣ ሌሊቱን
ብቻዬን ቃኝቼው እንዳደርኩ
ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩም።

ይህንንም አልጻፍኩም፦
ካልዮ፣ የሂዩማ ደሴቱ ሰው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከፈለ፣ አንድ ቀን ያልመጣ
(ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባው ይቀራል፤ ሚስቱም ከአልጋ አትወርድም)፣
በመጀመሪያው ረቡዕ ብቅ አለ፣
ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከረባት አስሮ።
«እናንተ ናችሁ ታዲያ?» አለ።
ሌላ አልተናገረም።

ዘንድሮ አዳራሹ ተከፈተ። ግማሻችን መጣን።
ፊት ወንበር ላይ ላፕቶፕ አስቀምጠን
ባጅ ከክዳኑ ላይ አንጠለጠልን፦ ካልዮ፣ ሂዩማ።
ሾርባው ሲታደል አይቮ፣ ሳያስበው፣
አንድ ሳህን አኖረለት።

ቀዩ እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ደርቋል።
አዲስ ገዝቻለሁ።
አንቀጽ ሰባት ገና አልተሻረም።