ግራ የገባው እግር

እሑድ ነው፣ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሳይሞላ፣
ሐይቁ ጉም ለብሷል፣ ታቦር ቆሟል ከኋላ፤
አሞራ ገደል ላይ ዓሣው ሲራገፍ፣
አባ ኮዳ ባንድ እግሩ ቆሞ ሲያርፍ፣
እኛ ሰባት ሆነን፣ ከሾላው ሥር፣ ተርታ፣
እጃችንን አነሣን፣ በጣም በዝግታ፣
ከተኛ ሕፃን ላይ እንደሚገፈፍ ፎጣ።

የባጃጅ ልጆች ቆመው ይስቃሉ፤
«ባትሪያቸው አልቋል! ቻርጅ ይፈልጋሉ!»
ጋሽ ሌዳሞ አይሰማም። «ትከሻሽን ጣይው፣
የሰው ዕቃ እኮ ነው፣ ለባለቤት ስጪው።»
እውነቱን ነው። ትከሻዬ የሼዱ ነበር፣
ቀን ሙሉ ኮሌታ በኮሌታ ስደረድር።

እሱን ያስተማረው ሹ የሚባል ነበር፣
ፓርኩ ሲገነባ ኬብል የሚቀብር።
በምሳ ሰዓት፣ ከአሸዋው ክምር ጀርባ፣
ብቻውን ሲዞር እንደ ሰነፍ ጀልባ፣
ጋሽ ሌዳሞ ዘበኛ ነበርና ያኔ፣
ሮጦ ሄደ፤ «ምን ነካው ሰውየውን? ጠኔ?»
እዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር።
ቋንቋ የለ። ክንድ ሲናገር፣ ጉልበት ሲመክር።

የሲዳማ ልጅ አባቶቹን ይቆጥራል፤
ጋሽ ሌዳሞ ግን ሁለት ዘር ያውቃል።
የሁለተኛውን ሲቆጥርልን፣ ጣቱን እያጠፈ፦
«እኔን ሹ። ሹን አጎቱ፣ ጎማ የሚጠግነው።
አጎትየውን አንዲት ሴት፤
ሴት አይማረውም ሲሏት
በአጥር ቀዳዳ አይታ የሰረቀች።
ያየችው ሽማግሌ ደግሞ ከማን እንዳየ እንጃ፣
ከዚያ ወዲያ መንገዱ መብራት የለውም።
ዳር ላይ ግን አንድ ሰው ቆሟል፣ ጀማሪው፤
የተሸነፈ ንጉሥ ወታደር ነው አሉ።
ጦሩን ሰቅሎ፣ ማሽላውን ኮትኩቶ ሲገባ፣
መምታት የለመደ እጁን፣ ሌሊት ሌሊት፣
አስተማረው አሉ፣ አለመምታት።»

ስሙስ ማን ነበር?
«ስሙን ሹ ጽፎልኝ ነበር፣ በሲጋራ ወረቀት፤
ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ረሳሁት፣ ሚስቴ አጠበችው በዕለት።
ከኦሞው አረፋ ጋር ሄደ። ምን ታድርግ?
ኪሴን የመበርበር ልማድ የላት።»

በጥር አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣ፣
ነጭ ሐር ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ዘንዶ የወጣ።
«የየትኛው ቤት ናችሁ? ሠርተፍኬትስ?» አለ።
አየን። ዞሮም አየን። ከንፈሩን አሸሸ፣ ሳቁን ሊውጥ ታገለ።
«ግራ እግራችሁን ምን ነካው?
ሰባታችሁም፣ ለምንድነው የምትጎትቱት?»

ግራ ገባን።
ጋሽ ሌዳሞ በሰማንያ ስድስት፣ ጨርቃ ጨርቅ ሳለ፣
የአቡጀዲ ጥቅል ከመደርደሪያ ወርዶ
ቁርጭምጭሚቱን ሰበረው፤ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም።
ይህን ሁላችን እናውቃለን።
መማራችንን ግን ማንም አላወቀም።

የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ሐይቁ ላይ ጥሎ፤
«እጄን ነበር ያስተማርኳችሁ» አለ፣ ቆየት ብሎ፤
«እግሬ የኔ ነው። እግሬን ተዉልኝ።»
አራት እሑድ ሊያርመን ለፋ።
እግራችን ግን እሺ አላለም፣ ለምዷላ፣ ምን ይሁን፣ ምን ይጥፋ?

አሁን እሱ ጉልበቱን ይዞት ቤት ነው የሚውል።
ዳቶ፣ አራት ሆነን በምንከራየው ክፍል፣
ከፈረቃ መልስ፣ በሁለት ፍራሽ መሐል፣
ትከሻዋ አላስተኛ ያላትን ዳንጊሴን
«ተነሽ» አልኳት። «የሰው ዕቃ ነው፣ መልሺ።»
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እግሯ የሚዳቋ።
እጇን አነሣች፣ በዝግታ፣ ጥሩ አድርጋ፣
ከዚያ ግራዋን ጎተተችው፤
ሲሚንቶው ላይ ሽ... አለ፣
አቡጀዲ ወድቆበት የማያውቅ እግር።

ላርማት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።
ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩ።
እኔን ጋሽ ሌዳሞ፣ እሱን ሹ፣ ሹን አጎቱ፣
አጎቱን ያቺ ሴት፣ ሴቲቱን...
«እሺ፣ ከዚያስ በፊት?»
በሩ ላይ የሰጣችው ሸሚዟ
ይንጠባጠባል።