ፊት የነሳሁ ዕለት

ዊኒፔግ ነው፤ ጥር ነው፤ ትንፋሽ የሚሰበር።
እኛ በእንፋሎቱ፣ በአንሶላው ክምር፣
የሦስት ሆስፒታል ደምና ላብ ስናጥብ፣
ማሽኑ ቆመና ተጠራን ለመሰብሰብ።

ምሳ ክፍሉ ውስጥ ዶናት አለ በሣጥን፤
ካትሪዮና ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ቀጭን፣
ከመሀል ከተማ የመጣች አሠልጣኝ፤
ባጄን አየችና «ጉላት» ብላ ጠራችኝ።
(ጉልላት ነኝ እንጂ። ግድ የለም፤ ይጉደል፤
ጣራ አያፈስም መቼም ስለ አንዲት ፊደል።)

«አጋር» ብላ ጻፈች በሰማያዊ ቀለም፤
«አጋር የሆነ ሰው ግፍ አይቶ ዝም አይልም።»
ሮሜል አዛጋ። ሀርጂንደር ሻይ ቀዳ።
እኔ ጻፍኩ፣ ሁሉንም፣ እንዳለበት ዕዳ፤
አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬ በዚህ አገር
አጋር የሚያሻው ሰው እኔ መስሎኝ ነበር።

ቆጠርኩ በሆዴ፦
ያለፈኝን እድገት፣ የተሳቀበትን ንግግሬን፣
ሊፍት ውስጥ ሳየኝ ቦርሳዋን ወደ ጡቷ ያስጠጋችውን ሴት፤
አንድም አልረሳሁ።
መዝገቤ ንጹሕ ነው፣ በቀን፣ በሰዓት፣
የተቀበልኩት ሁሉ አለበት፤
የሰጠሁትን የሚያሰፍር ዓምድ ግን
አላሰመርኩለትም።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ፊልም መጣ በጨለማ።
ሰዎች ያወራሉ፤ ከግርጌው ጽሑፍ የለም።
ቨርና ከኋላ ወንበር፣ ዶናቷን በናፕኪን ይዛ፣
የማትሰማውን ፊልም አየች እስኪያልቅ።
ልብ ያለ አልነበረም። እኔም።

አሥር ጥያቄ መጣ፤ አሥሩንም መለስኩ፤
«ጉላት» የሚል ምስክር ወረቀት ወሰድኩ።

ወደ ሥራ ገባን። የመስመር ሦስት አለቃ ነኝ።
ፊቴን ወደ ማሽኑ፣ ጀርባዬን ወደ ሰው
አድርጌ ጮኽኩ፦ «ቀዩን ከረጢት ማንም እንዳይነካው!
መርፌ አለበት!»
ቨርና እጇን ሰደደች።
ወደ ቀዩ።

የደረሰላት ሮሜል ነው። ያ ያዛጋው።
አንጓዋን አፈፍ አድርጎ፣ በጣቶቹ አሳያት፦
መውጋት፣ ደም፣ ተይ፤
የት እንደተማረው እንጃ፣
ማንም ሳያሠለጥነው።

እሷ ግን እኔን አየች። በዚያ በወፍራም ድምፅዋ፣
ከእሷ በቀር ሁላችን በምንሰማው፣
«ስድስት ዓመት» አለች፣ «ጀርባህን ሳነብ ኖርኩ።
ብዙ አይልም።»

እኔ ባደግኩበት ቋንቋ ሰውን መግፋት
ፊት መንሳት ይባላል።
ስንቴ ብዬዋለሁ ለሚስቴ፣ ማታ ጫማ ሳወልቅ፦
ፊት ነሱኝ፣ ዛሬም ፊት ነሱኝ።
ለእኔ ፈሊጥ ነበረ።
ለእሷ ቃል በቃል ነው፤
ፊቴ ነበር ጆሮዋ፤
እሱን ነው የነሳኋት።

ያን ማታ ሪዜን ላጨሁ፣
ከንፈሬን የሸፈነውን፣ በወጣትነቴ ያጎፈርኩትን።
«ማን ነው ይሄ ጎረምሳ?» አለች ባለቤቴ።
የምስክር ወረቀቱን አልጠየቀችኝም፤
መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከመብራት ደረሰኝ ጋር።

አሁን ከአምፖሉ ሥር እቆማለሁ፣ ፊቴን ሰጥቼ።
(ፊት መስጠት ማቅበጥ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ ይበል።)
መጀመሪያ ሰሞን ቃሉን እንደ ማስቲካ ስስብባት፣
«አልሰማም እንጂ ሕፃን አይደለሁም» አለችኝ።
ልክ ናት። አንዳንዴ ዛሬም እረሳለሁ፤
ዞሬ አወራለሁ፤ ፎጣ ትወረውርብኛለች።

አንድ ቀን ስሜን ጠየቀች፣ ከነትርጉሙ።
ነገርኳት። አሰበች። ሁለት እጇን አንስታ
ጣቶቿን ከላይ አገናኘች፣ እንደ ጣራ ጫፍ።
እንዲህ ነው የምትጠራኝ ከመስመሩ ማዶ፣
ማሽኑ አንሶላ ጎርሶ ሲያንቀው፣
አንድ ፊደል ሳታጎድል።