ሦስተኛው ምት ላይ

የሱፍ ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኑ ከተሸጠ ወዲህ፣
በኮቪሊያ ዳገት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማታዬ እንዲህ፦
በስልሳ አንድ ዓመቴ ጊታር እማራለሁ፤
የሚያጅበኝ የለም፣ አጃቢ እሠራለሁ።

መጀመሪያ ምቱ፤
ሰባ ሁለት በደቂቃ፣ ለጣቴ ይበቃል ፍጥነቱ።
የጫማ ካርቶን በማንኪያ፣ ሩዝ የያዘ ጠርሙስ፤
ማይኩን ካልሲ አለበስኩት፣ ትንፋሼን ቀድቶ እንዳያፈስ።
ፍሪጁን እነቅላለሁ፣ ያንጎራጉራልና
(ሁለቴ አይብ ተበላሽቶብኛል፣ መልሼ መሰካት ረሳሁና)።
ከዚያ ቤዙ፦ ያው ጊታሬ ነው፣ በኮምፒውተር ድምፁ ወፍሮ፤
ከላ ማይነር ይነሣል፣ ሦስት ደጅ አንኳኩቶ፣ ዞሮ፣
ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ላ ማይነር።
ጫፉን ከጫፉ ሰፋሁት፣ ስፌቱ ሳይታይ እንዲዞር።

መሐሉን ግን አልነካም።
ሠላሳ አራት ዓመት ሸምኛለሁ፦
ድሩ የቱን ያህል ቢወጠር፣ ማግ ካልገባው ገላ አይነካም።

ከታች፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ ዶና ኤርሜሊንዳ አለች፤
ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲያልፍ፣ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትመታለች።
ጧ!
አንድ ሌሊት ስቀዳ መታች። ተሳደብኩ። ልሰርዘው ስል፣
እስቲ አንዴ ልስማው አልኩ፤
ሦስተኛው ምት እምብርት ላይ፣ ጸጉር ሳትዛነፍ፣ ልክክ ስትል!
እኔ በልምምድ ያጣሁትን እሷ በንዴት ታገኘዋለች፤
ለካ ፈትል ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ቆማለች።
ተውኩት።
ፋይሉንም በስሟ ጠራሁት።

ጥቅምት ላይ ልጇ ከቪዜው መጥቶ፣ ሊወስዳት ዕቃው ሲጫን፣
የስፌት መኪናዋን በጠባቡ ደረጃ እኔና እሱ ተሸከምን።
ቀድቼሻለሁ አላልኳትም።
ቤቴ ውስጥ በየአራት ምቱ ትመላለሻለሽ አላልኳትም።
እሷ ግን ሞተሩ ተነሥቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣
«አደሪቶ» አለች፣ ጣቷን እንደ መጥረጊያው እንጨት ዘርግታ፣
«አራተኛው ላይ ስትደርስ ሁሌ ትቸኩላለህ፤
ስንት ዓመት ሙሉ ልንገርህ?»

ዛሬ ከታች ጨለማ ነው። በሩ ላይ «የሚከራይ» ተለጥፏል።
እስኪነጋ ብመታ ማን ይከለክለኛል።
መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ አጫወትኩት።
አንድ፣ ሁለት፣
ጧ!
እጄ ሳላዘው ድምፁን ሊቀንስ ተዘረጋ፤ መለስኩት።
አራተኛው ኮርድ መጣ።
ቸኮልኩ።