የቆዳ ጣት

ሙሐረቅ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በሠራተኛው በር፣
አውራ ጣቴን ሰጠሁ ለማሽኑ፣ ልቆጠር።
ቀይ መብራት።
ሌባ ጣት።
ቀይ መብራት።
በቀሚሴ ጠረግሁት፣ እፍ አልሁበት፤
ሰባት ዓመት ሙሉ በዚሁ በር ስገባ ያወቀኝ
ግድግዳ ላይ ያለ ዓይን፣ ዛሬ «ማን ነሽ?» አለኝ።
ዘበኛው ሳቀና፣ «ፈትለወርቅ፣ ጣትሽን ማን ወሰደው?» ብሎ፣
ስሜን በደብተር ጻፈው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ከሰዓቴ ነቅሎ።

ማንም አልወሰደው። እዚሁ ነው፣ ጓንት ውስጥ።
ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከደወል ወደ ደወል ስሮጥ፣
ሲጠለቅ፣ ሲወልቅ፣ ሲታጠብ፣ ሲጠለቅ፣
በገዛ ላቡ ሲቀቀል፣ በአልኮል ሲደርቅ።
ውጪ ባሕሩ እንፋሎት ይተፋል፣ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ውስጥ የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ይፈልጣል፤
እኔ ብቻ፣ በመዳፌ ልክ በተሠራ ጎማ፣
ሌላ ወበቅ ይዤ እዞራለሁ፣ ማንም ሳይሰማ።

አንድ ቀን ስልሳ ጥንድ ቆጠርሁ፤ ከዚያ መቁጠር ተውሁ።
መጀመሪያ ማሳከክ ነበር፤ በጎማው ላይ አከክሁ።
ቀጥሎ መቅላት። ከዚያ፣ በጣቶቼ መካከል፣
ውሃ እንደ ከዳው ኩሬ መሰንጠቅ፣ መከፋፈል።
ሎሚ ፈራሁ። ጨው ፈራሁ። የሻሼ ሐር
በጣቴ እየተያዘ ይመዘዝ ጀመር፤
ፈትል ያሉኝ ለዚህ ኖሯል?
ለአለቃዬ ግን ትንፍሽ አላልሁም።
«የተላጠ እጅ ለበሽተኛ አይሆንም» ብትለኝስ? ኮንትራቴስ?
እንደ ሰረቀ ሰው እጄን በኪሴ ይዤ ሰነበትሁ።

ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ሐጂ ዑበይድ ተኝቷል፤
ዕድሜው ዘጠና ምናምን፣ እሱም መቁጠር ትቷል።
ለቀዶ ሕክምናው ፈቃድ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ
ወረቀቱ ላይ ባሳርፈው፣ ሰማያዊ ክብ ብቻ፤
መስመር የለው፣ ጠመዝማዛ የለው።
ደገምሁት። ሳቀብኝ።
«የኔን ገመድ በላው፣ ልጄ። ልጅ ሆኜ
አባቴ ከባሕሩ ሥር፣ እኔ ከመርከቡ ላይ፣ ስጎትተው።
ያንቺንስ ምን በላው?»
ዝም አልሁ። ጓንቴን ራሱ አወለቀው፣ ቀስ አድርጎ፣
የሰው ቁስል እንደሚፈታ ሰው።

«አባቴ ዕንቁ ፍለጋ ሲወርድ
በአሥሩም ጣቱ ቆዳ ያጠልቅ ነበር፤ ዛጎሉ ምላጭ ነዋ።
አንድ ጠዋት ናኾዳው ‹ቆዳው አልቋል፣ ውረድ› ቢለው
እጁን አጣጥፎ ከመርከቡ ጫፍ ተቀመጠ፤
‹ለቆዳዬ ቆዳ አምጣ› አለ፣ እስከ ቀትር።
ዕንቁውን ስንቱ አንገቱ ላይ አሠረው፤
ጣቱን ያየለት ማነው?»

እናቴ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብላ ነው የሸኘችኝ።
ምርቃቷ አጥንቴን ጠበቀ፤ ቆዳዬን ረሳው።

ማታ ለሺጂ አሳየኋት። የኬረላ ልጅ ናት፣ ምላሷ ቃሪያ፤
መጀመሪያ ተቆጣች።
«በሚያቃጥል ውሃ ነው የምትታጠቢው?
እጅሽ ሳይደርቅ ነው የምታጠልቂው? አንቺ ነርስ ነሽ?»
ከመሳቢያዋ ስስ የጥጥ ጓንት አወጣች፣ የሕፃን ካልሲ የመሰለ፤
«ይሄ ከሥር ይሁን፤ ሲረጥብ ቀይሪው፤
ቅባቱ ሽታ የሌለው፤ ስትተኚ አትርሺው።»
በማግሥቱ እየጎተተች አለቃችን ቢሮ አስገባችኝና
እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በአኃዝ ወረቀቶቹ መሐል።
እጅ መስጠት መሸነፍ ነው ይላሉ በአገሬ፤
ያን ቀን እጄን ሰጥቼ ረታሁ።
ሌላ ዓይነት ጓንት መጣ፣ ዱቄት የሌለው፤ በአራተኛው ሳምንት፣
ለእኔ ብቻ አይደለም፤ እጃቸውን ኪስ የከተቱ
አምስት ሆነን ተገኘን።

ክፍል ዘጠኝ ሌላ ሰው ገብቶበታል።

አውራ ጣቴ ገና ነው። ሌባ ጣቴም ገና።
ዛሬ ትንሿን ጣቴን ለማሽኑ ብሰጠው
አሰበ፤
አሰበ፤
አረንጓዴ።